የግራ ጎማው ዳዶ

ዊብከን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት፣ ሽማግሌ ሳልልክ፣ ብቻዬን፣
ሂነርክ ከትራክተር ሥር ተንጋሎ ነው የተቀበለኝ እኔን።
ዘሬን አልቆጠረ፣ ደሞዜን አልጠየቀ፣ ከየት መጣህ አላለ፤
ዘይት የጠጣ እጁን ሰዶ፣ «ሃያ አራት ቁልፍ አቀብለኝ» አለ።
አቀበልኩ።
በዚያው አማች ሆንኩ።

መንደሩ አለር ወንዝ ዳር ነው፤ ጭጋጉ እስከ ጉልበት፣
ከቤቱ የሚበልጥ ጎተራ፣ ከጎተራው የሚበልጥ ዝገት።
የሚያለቅስ ሕፃን ኩሽኔታ ይሰጠዋል፣ እያሽከረከረ ይረሳል፤
ሰው ሲያስነጥስ ዝም ይባላል፣ ሞተር ሲያስነጥስ ሁሉም ይነሳል።

ያቺ ላንዝ ግን ሌላ ናት።
የጌሸ አማት በፈረስ ምትክ ገዛት፣
የጌሸ ባል በክፉ ዓመት ለዕዳ ሸጣት፤
ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከአንድ የፖም እርሻ ጥግ አገኘናት፣
ጥርሷን ነክሳ፣ ዛፍ በሆዷ በቅሎ፣ ወፍ ጎጆ ሠርቶባት።
ዛፉን በመጋዝ ቆረጥን፤ ወፏን ግን ጠበቅናት፣
ጫጩቶቿ እስኪበሩ አንድም ዳዶ አልነካንባት።

በበረዶው ወራት፣
ጌሸ በሰማንያ ሦስት ዓመቷ ብሎኖቹን በናፍጣ ዘፍዝፋ፣
በጥርስ ብሩሽ ፍቃ ፍቃ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አሰልፋ፣
ትቆጥራለች፤ ስትሳሳት አትበሳጭም፣ ከአንድ ትጀምራለች።
ዊብከ ቀን የሰው ጥርስ ትነቅላለች፤
ማታ ጓንቷን ቀይራ፣
የማርሽ ጥርስ ትሞርዳለች፣ «አያምሽም» እያለች፣ ፈርታ ደፍራ።
ልጃችን ትያርክ ዘጠኙ ነው፤ እጁ የኛ እጅ የማይደርስበት ይደርሳል፣
እስከ ክርኑ ግራሶ ለብሶ «አለቀች?» እያለ ይመላለሳል።
«ገና» እለዋለሁ።
እግረ መንገዴን ቋንቋዬን አስተምረዋለሁ፦
ቃልም እንደ ብሎን ይላላል፣ ቃልም እንደ ብሎን ይጠብቃል፤
«ገና» ላልቶ «ጠብቅ» ማለት ነው፣ ጠብቆ ግን በዓል ይሆናል።

አንድ ነገር ጎደለ። መሪዋ።
ያለ መሪ መነዳቱ ይቅርና መነሳትም የላት፤
መሪዋን ነቅሎ፣ ከጎኗ ሰክቶ፣ ጠምዝዞ ነው ሰው የሚያስነሳት።
የጌሸ ባል በሸጣት ዋዜማ መሪዋን ነቅሎ ደበቀ፣
ገዢው ፖሙ ሥር ጥሏት እያማረረ አረጀ፣ አለቀ።
ባልየው በተራው ሲሞት
ለሂነርክ መሬት፣ ለኤገርት መሪ ብሎ ተናዘዘ፤
ቀልድ ይሁን ቂም፣ ፍቺውን ይዞ ወደ መቃብር ተጓዘ።
ወንድማማቾቹ አሥር ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሰላም ሳይባባሉ፣ ዳቦ ከአንድ ጋጋሪ ገዝተው በሉት።

መጋቢት ላይ ኤገርት መጣ። ማን እንደጠራው አልሰማሁም፤
ጌሸ ግን ብሎን መቁጠሯን አላቋረጠችም።
መሪውን እንደ አራስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
ሰጠው ለወንድሙ፣ ዓይኑን ጎማው ላይ ጥሎ።
ሂነርክ የላምባ እሳት ከአፍንጫዋ ሥር አነደደ፣
ብረቱ ቀላ፣ ጎተራው በጭስ ታፈነ፣ ውሻው በርግጎ ሄደ።
መሪውን መልሶ ለኤገርት ሰጠው። አዞረ። ሳለች። ደግሞ አዞረ።
ድም።
ድም፣ ድም፣ ድም — መሬቱ እግራችንን ነዘረ።
«ገና!» ብሎ ጮኸ ትያርክ፣ «ና»ን እስኪበቃው አጥብቆ፤
ሂነርክ ወጣባት፣ የፊት ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ —
ወደ ኋላ ሄደች!
አመሏ ነው፤ ሞተሯ ተገልብጦ እየዞረ ተነሳች።
የማገዶውን ክምር ደርምሳ ከግቢው መሐል ቆመች፤
ጌሸ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣
«ልክ አባታችሁ!» አለች።

ወንድማማቾቹ አልሳቁም። ኤገርት ኮፍያውን ደፋ፣
መኪናው ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «የግራ ጎማው ዳዶ ላልቷል» ብሎ ጠፋ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጠራቅሞ የወጣው ቃል ይኸው ነው።
ማታ ሁሉም ሲተኛ ሂነርክን አየሁት፣ ተንበርክኮ ዳዶውን ሲፈትነው።
አልላላም፤ እንደ ድንጋይ ጠብቋል።
እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ቁልፉን አቀበልኩት፤ ቁጥሩን ማን ይጠይቃል?
ግማሽ ዙር አላላና፣ መልሶ እስከ ጥግ አጠበቀው፣
የወንድሙ ቃል መሬት እንዳይወድቅ ብሎ ነው።